ቅጠል የመለሰው ብርሃን

ኅዳር 12 ቀን

ለተወደድሽው የወንድሜ ልጅ፣ ለጥያቄ፤

ይህ ወረቀት ባሕር ማዶ፣ በሙሉ ጤና፣ በሞቀ ክፍል፣ ሆድሽ ጠግቦ ያግኝሽ። እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ ያጉረመርማል፣ ስወርድ ዝም ይላል፤ እንደዚያው ታርቀን እንኖራለን። ባለቤቴ፣ እትዬሽ፣ «ሰላም በልልኝ» ብላ ሦስት ጊዜ ስለነገረችኝ ሦስት ጊዜ ሰላም ብዬሻለሁ። ስልክ ላይ ድምፅሽን ስሰማ ልጠይቅሽ ያሰብኩት ሁሉ ከአፌ ይጠፋል፤ ለእኔ ወረቀት ይሻለኛል።

መስታወት መቁረጥ ትቻለሁ። እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚንቀጠቀጥ እጅና መስታወት ደግሞ አይዋደዱም። ሥራ ፈትቼ ከምቀመጥ ብዬ፣ ዋናው መንገድ ላይ የነበረው አሮጌ ቢሮ ሲፈርስ የተጣሉትን የመስኮት መስታወቶች ሰብስቤ፣ ጓሮ ውስጥ ቤት ሠራሁባቸው። ጣሪያውም ግድግዳውም መስታወት ነው። እዚያ ውስጥ ችግኝ አፈላለሁ፤ ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ጥቅል ጎመን። የወንዝ ዳር አትክልተኞች ማኅበር ለክረምቱ ችግኝ ከእኔ ሊወስድ ተስማምቷል። ስልሳ ቤተሰብ ናቸው። ባለፈው ዓመት ከሌላ ቦታ ያመጡት ችግኝ ደርቆባቸው ባዶ መሬት ሲያዩ ከረሙ።

ችግሬ ይኸውልሽ፦ የእኔዎቹ ቁመት እንጂ ጉልበት የላቸውም። እንደ ሸንበቆ ሽቅብ ይመዘዛሉ፣ ከዚያ ወገባቸው ይከዳቸውና ይተኛሉ። ውሃ አላጓደልኩም። ፍግ አልነፈግኩም። አንቺ ቅጠል የሚመረመርበት ቤት ያለሽ ዶክተራችን ነሽ፤ እባክሽ አንድ ጠርሙስ መድኃኒት ላኪልኝ። አባትሽ ለሰፈሩ ሁሉ «ልጄ ቅጠል ታናግራለች» እያለ ነው፤ እስቲ የእኔዎቹንም አናግሪልኝ።

አጎትሽ መስታወት ቆራጩ


ታኅሣሥ 8 ቀን

ለጋሼ፤

ለእርስዎና ለእትዬ ወራት የማይለዋውጠው ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ቆሜ አነበብኩት፣ ከዚያ ተቀምጬ ደገምኩት። «ጥያቄ» ብሎ የጠራኝ ሰው ካየሁ ቆይቷል። እዚህ ስሜን በቁራጩ ነው የሚጠሩት።

ስለ እኔ ብዙ የሚወራ የለም። ሥራ ነው፣ ቤት ነው።

መድኃኒት አልልክልዎትም፣ አይቆጡኝ። የሚያስፈልግዎ አይመስለኝም። እኛ ተክል የሚበላው አፈር ይመስለናል። አፈሩ ግን የሚሰጠው ልክ እንደ ወጥ ጨውና ቅመም ነው፤ ያለ እሱ አይሆንም፣ እሱ ብቻውን ግን አያጠግብም። ተክሉ ግንዱን፣ ቅጠሉን፣ ፍሬውን የሚሠራው በአብዛኛው ከአየርና ከውሃ ነው። ሁለቱን የሚያጋባቸው ብርሃን ነው። ወገቡ የሚከዳው ችግኝ ብዙ ጊዜ ብርሃን የራበው ነው፤ ወደ ላይ የሚመዘዘውም እየፈለገው ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬን ልጀምር፤ ስሜ አይደል? መስታወት ቤቱ ፀሐይ የሚያገኘው ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ነው? አጠገቡ ዛፍ ወይም ፎቅ አለ? መስታወቱስ ንጹሕ ነው? ቀለም አለው?

ለአባቴ ደህና መሆኔን ይንገሩልኝ። ሌላ ነገር መንገር አያስፈልግም።

ልጅዎ ጥያቄ


ታኅሣሥ 29 ቀን

ለጥያቄ፤

በያለሽበት ደጉን ያሰማሽ፣ ክፉውን ያሻግርሽ።

ደብዳቤሽን ጮክ ብዬ ሳነብ እትዬሽ «አየር በልቶ የሚያድር ፍጥረት ካለ ለእኔም አሠራሩን ይንገሩኝና ከጓዳ ልገላገል» አለች። እኔም ሳቅሁ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ዛፍ የለም፣ ፎቅ የለም። ፀሐይ ከጠዋት እስከ ማታ አለ። መስታወቱ ግን ቀለም አለው፣ አረንጓዴ ነው። ከሰበሰብኩት ውስጥ ጥርት ያለም ነበር፤ እኔ ነኝ አረንጓዴውን መርጬ ጣሪያ ያደረግኩት። ቅጠሉ አረንጓዴ፣ የሚወርድበት ብርሃን አረንጓዴ፤ ዘመድ ከዘመዱ ምን ያጣላዋል ብዬ።

አሁን የሆነውን ስሚ። የማኅበሩ ሰብሳቢ መጣች። ምላሷ እኔ መስታወት የምቆርጥበትን አልማዝ ያስንቃል። በመደዳዎቹ መሃል አለፈች፣ ጎንበስ ብላ አየች፣ «ቀጭን ናቸው እንጂ ቀለማቸው ደህና ነው» አለች። ከዚያ አንዱን የቃሪያ ችግኝ ከነአፈሩ ይዛ ወደ ደጅ ወጣች። ትንሽ ቆይታ ጠራችኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ የታመመ ሰው ፊት አይደል?»

ቢጫ! እንደ በሰለ ሎሚ። መልሼ ወደ ውስጥ ሳስገባው አረንጓዴ፣ ሳወጣው ቢጫ። ሦስት ጊዜ ገባሁ ወጣሁ። አርባ ዓመት መስታወት ስቆርጥ ኖሬ የገዛ መስታወቴ ዓይኔን ሰረቀኝ።

«ለክረምቱ ካልደረሱ ሌላ ቦታ እናያለን» አለችኝ። «አምና የከሰርነው ይበቃናል።»

አልተቀየምኳትም፤ ስልሳ ቤተሰብ ጀርባዋ ላይ አለ።

አሁን አንድ ነገር አስረጂኝ። እኔ ብርሃን አውቃለሁ። በመስታወት ያልፋል፣ ግድግዳ ላይ ያርፋል፣ ያሞቃል፣ ይሄዳል። ሲያዝ አላየሁም። ቅጠል በምን እጁ ነው የሚይዘው? ከያዘውስ በኋላ የት ያደርገዋል?

ደግሞ ነጭ ጋውን ለብሰሽ የተነሳሽውን ፎቶ ላኪልኝ። ሰብሳቢዋ «ዶክተር ናት ያልከኝ ልጅ በውኑ አለች?» ትለኛለች። አባትሽን ፎቶ ጠይቄው የለኝም አለኝ። እንዴት የለውም?

አጎትሽ


የካቲት 3 ቀን

ለጋሼ፤

ስለዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ። ለጥያቄዎ የማውቀው መልስ ስላልነበረኝ ነው። ችግኙ ብርሃን ራበው ስልዎት ሰዎች ሲሉ የሰማሁትን ነበር የደገምኩት። እርስዎ «በምን እጁ?» ሲሉኝ ግን እኔም አለማወቄን አወቅሁ። ከዚያ ጀምሮ ቅጠል ባየሁ ቁጥር እየቆምኩ ነው፤ አንዴ አውቶቡስ አምልጦኛል።

የሆነው እንዲህ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠርሙስ በእጄ ነበር። ውስጡ ቅጠል ተፈጭቶ በአልኮል የተጣራ ውሃ አለ፤ በጣም አረንጓዴ፣ ጥርት ያለ። ጠረጴዛው ላይ ሰማያዊ መብራት በርቶ ቀርቷል። ጠርሙሱን ይዤ ፊቱ ሳልፍ ውሃው ቀላ። ጋሼ፣ አልዋሽዎትም፣ ደም መሰለ። ሸሸት አደረግሁት፣ አረንጓዴ። አስጠጋሁት፣ ቀይ። የሆነ ነገር ያበላሸሁ መስሎኝ ደነገጥኩ።

አንድ ሽማግሌ ተመራማሪ በሩ ላይ ቆመው ያዩኝ ነበር። እኚህ ሰው «እንደምን አደርሽ» ከማለት ሌላ አናግረውኝ አያውቁም። መሸሽ አማረኝ፤ ግን የእርስዎ ጥያቄ ከአፌ ቀድሞ ወጣ።

«ይህ ለምንድነው የሚቀላው?» አልኳቸው።

ብዕራቸውን ኪሳቸው ከተቱ፣ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

የነገሩኝን በእርስዎ ሙያ ልተርጉመው። ትልልቅ መስታወት ከመኪና ስታወርዱ ተሰልፋችሁ እጅ በእጅ ትቀባበሉት የለም? ቅጠል ውስጥ እጅግ ጥቃቅን አረንጓዴ ተቀባዮች በመቶዎች እየሆኑ ተጠጋግተው ቆመዋል። ብርሃን ሲያርፍ አንዱ ይቀበላል፣ ለጎረቤቱ ያቀብላል፣ ያም ለጎረቤቱ፣ እስከ አንድ የተለየ ቦታ ድረስ። እዚያ ሲደርስ ብርሃንነቱ ያበቃል፤ ኤሌክትሮን የሚሉትን ቅንጣት ከተቀመጠበት ያስነሳዋል። የተነሳው ቅንጣት ደግሞ በሌላ ሰልፍ ያልፋል፤ እያለፈም ኃይሉን ጥቂት በጥቂት ያስረክባል፣ ባትሪ እንደመሙላት ነው። ቅጠሉ በዚያ በሞላው ኃይል ከአየር ያስገባውን ወደ ስኳር ይለውጠዋል። የተነሳው ቅንጣት ቦታ ባዶ አይቀርም፤ ቅጠሉ ውሃ ይሰነጥቅና ከእሱ ወስዶ ይተካዋል። ከተሰነጠቀው ውሃ የተረፈውን ኦክስጅን ወደ ውጭ ይለቀዋል። እርስዎም እኔም አሁን የምንተነፍሰው ያንን ነው።

ጠርሙሱ ውስጥ ግን ቅጠሉ ተፈጭቶ ሰልፉ ፈርሷል። ብርሃን የተቀበለው የሚያቀብለው ጎረቤት የለውም፣ ይዞ መቆየትም አይችልም። ስለዚህ መልሶ ይወረውረዋል። ከኃይሉ ጥቂቱ ሙቀት ሆኖ ስለቀረ፣ ሰማያዊ ሆኖ የገባው ቀይ ሆኖ ይወጣል።

አሁን ወደ ጣሪያዎ። የፀሐይ ብርሃን የብዙ ቀለም ድብልቅ ነው። ቅጠል አጥብቆ የሚይዘው ቀዩንና ሰማያዊውን ነው። አረንጓዴውን ጨርሶ አይጠቀምበትም ማለት አይደለም፤ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚመልሰው እሱን ነው። ለዓይናችን አረንጓዴ የሚመስለውም ስለሚመልሰው ነው። የእርስዎ መስታወት ቅጠሉ የሚወደውን እደጅ አስቀርቶ የሚመልሰውን አስገባለት። እንግዳ ጠርቶ ትርፍራፊ እንደማቅረብ ነው፤ አይቆጡኝ።

አረንጓዴውን አንሥተው ጥርት ያለውን ያድርጉበት። እንደገና ለመዝራት ጊዜ አለ።

ፎቶ ማንሻው ተበላሽቷል።

ጥያቄ


መጋቢት 20 ቀን

ለጥያቄ፤

እጅሽ ይባረክ፣ ዓይንሽ ይብራ።

«ያንሡት» ስላልሽኝ ብቻ አላነሣሁትም፤ ሙያተኛ ነኝ፣ ሳልለካ አልቆርጥም። ጣሪያውን ከመሃል ከፈልኩት። ግማሹን ጥርት ባለው መስታወት ለወጥኩ፣ ግማሹን አረንጓዴውን ተውኩት፣ መሃሉን በጣውላ ጋረድኩ። ያው አፈር፣ ያው ዘር፣ በአንድ ቀን የተዘራ። ጣሳው እንኳ አንድ ነው፣ ውሃ የምለካበት። መሰላል ላይ መስታወቱን ያቀበለችኝ እትዬሽ ናት፤ «በስልሳ ዓመቴ ቅጠል ውስጥ ያለ ሰልፈኛ አደረግኸኝ» እያለች።

አምስተኛው ሳምንት ላይ የሆነውን በቃል አልጨርሰውም። በጥርቱ በኩል ያሉት አጭር፣ ጠንካራ፣ ቅጠላቸው ወፍራም ነው። ደጅ አውጥቼ አየሁ፤ ደጅም አረንጓዴ ናቸው! በዚያኛው በኩል ያሉት እንደ ድሮው ክር ናቸው።

ደብዳቤሽን ለማኅበሩ አነበብኩት። አርባ ሰው ያህል ነበር። ውሃው ቀላ የሚለው ጋ ስደርስ ከኋላ የነበሩት ተነሥተው ቀረቡ። አንድ አዛውንት «ስልሳ ዓመት ሳርስ አየር ስዘራ ኖሬያለሁ በሉኛ» አሉ።

ሰብሳቢዋ ግን እንደምታውቂያት ናት። «ወሬው ደስ ይላል፤ ማኅበሩ የሚያምነው ግን ወረቀት ነው» አለች። ስለዚህ ከመሥሪያ ቤትሽ ማኅተም ያለው፣ «ዶክተር እገሊት መርምራ አረጋግጣለች» የሚል ደብዳቤ ይምጣ ተብሏል። ለአንቺ ምን አላት፣ አንድ ማኅተም።

እትዬሽ ደብዳቤዎችሽን ታሸታለች። «ይሄ ወረቀት ሁልጊዜ ሳሙና ሳሙና ይላል» ትላለች። የመመርመሪያ ቤት ንጽሕና ይሆናላ አልኳት። ወረቀቱን መልሳ አሸተተችው። አስተያየቷን አልወደድኩትም።

አጎትሽ


ግንቦት 2 ቀን

ለጋሼና ለእትዬ፤

ጤናችሁ ይብዛ። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። አሁን ሳልቀድደው ልላከው።

ማኅተም የለኝም። ዶክተር አይደለሁም።

ልማር መጣሁ፣ እውነት ነው። የመጀመሪያው ዓመት ፈተና ላይ ወደቅሁ። መምህሩ የሚናገረውን ተርጉሜ ሳልጨርስ ሌላ ሰሌዳ ይሞላል። ሁለተኛ ዕድል ነበረኝ፤ አፈርኩና አልተጠቀምኩበትም። በዚያው ሕንጻ ምድር ቤት ሥራ አገኘሁ። ሁለት የውሃ ገንዳ፣ ረጃጅም ብሩሾች፣ እንፋሎት የሚተፋ ማሽን፣ በጋሪ የሚመጣ ጠርሙስ። የተመራማሪዎቹን ዕቃ አጥባለሁ። ስድስት ዓመት ሆነኝ። ያ የቀላው ጠርሙስም እንዳጥበው የተሰጠኝ ነበር። እትዬ፣ አፍንጫዎ አልተሳሳተም።

ለአባቴ «ላብራቶሪ ገባሁ» ብዬ ነበር። የቀረውን እሱ ሞላው። ዶክተር ሲለኝ ዝም አልኩ። ዝም ማለት መዋሸት አይመስለኝም ነበር፤ ማኅተም ስትጠይቁኝ ነው የገባኝ።

የጻፍኩላችሁ ግን እውነት ነው። ጠይቄ፣ አስደግሜ፣ ለእኔ እስኪገባኝ ድረስ ነው የጻፍኩት። ሽማግሌው የጣሪያውን ነገር ስነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ። «ከመሃል ከፈለው? ያው አፈር? ያው ቀን?» አሉኝ። ቁጥሩን ፈለጉ፦ ከየጎኑ ሃያ ሃያ ችግኝ፣ ቁመቱ በጣት ሳይሆን በማስመሪያ፣ የቅጠሉ ብዛት፣ በየሳምንቱ። ሊልኩልኝ ከወደዱ እቀበላለሁ። ካልወደዱም አልፈርድብዎትም።

ልጃችሁ


ግንቦት 24 ቀን

ለጥያቄ፤

በቁምሽ ይባርክሽ።

አልደብቅሽም፣ ተከፋሁ። ሦስት ቀን ጓሮ አልወጣሁም። በሦስተኛው ቀን እትዬሽ ውሃ አጠጥታ ስትመለስ ከፊቴ ቆመች።

«አንተ ሰውዬ፣ መስታወት የቆረጠ ብርጭቆ ያጠበን ሊንቅ ነው?»

«አልናቅኋትም። ዋሸችኝ።»

«አንተስ? ሰፈሩ ‹ኢንጂነር› ሲልህ ስንት ዓመትህ ነው አቤት ስትል?»

ጥያቄ፣ እውነቷን ነው። ሥራ በጀመርኩበት ቀን አንድ ሹፌር በቀልድ «ኢንጂነር» አለኝ፤ አላረምኩትም። በማግሥቱ ሁለት ሰው አለኝ። ከዚያ በኋላ ለማረም ጊዜው አለፈ። አርባ ዓመት አቤት ብያለሁ። ያውም ማንበብ የተማርኩት በሠላሳ ዓመቴ፣ እትዬሽ አስተምራኝ ነው። አንቺ ስድስት ዓመት ዝም አልሽ፤ እንግዲያ ማን ከማን ይቆጣል?

ስብሰባ ነበር። ተነሥቼ አልኩ፦ «ማኅተም የለም። ልጃችን ብርጭቆ አጣቢ ናት። እኔም ኢንጂነር አይደለሁም።» ሁለተኛውን ስናገር ሳቁብኝ፤ ለካ ሁሉም ያውቅ ኖሯል።

ሰብሳቢዋ አልሳቀችም። «ታዲያ ያን ሁሉ የጻፈችልን ማን ናት?» አለች።

«እሷው።»

«ሳታውቅ ነው የጻፈችው?»

«ጠይቃ ነው።»

ተነሥታ ወደ ጓሮዬ መጣች፣ ማኅበሩም ተከትሏት። ጣውላውን አነሣችና በሁለቱ መደዳ መሃል ቆመች። አንድ ከዚህ፣ አንድ ከዚያ ነቅላ ሥሩን ሳይቀር አሳየቻቸው። ሰዉ ሁለቱን ችግኞች እጅ በእጅ ተቀባበላቸው። ከዚያ አዛውንቱ ከጥርቱ በኩል ያሉትን መቁጠር ጀመሩ። ማኅበሩ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ችግኝ ወስዷል። እስከ ዝናቡ ደግሞ ሌላ ዙር አፈላለሁ፣ በሙሉው ጣሪያ። አረንጓዴውን መስታወት ለዶሮ ቤት አደረግኩት፤ ዶሮዎቹ እስካሁን አላማረሩም።

ቁጥሩ በዚህ ፖስታ ውስጥ ነው። እትዬሽ በማስመሪያ ለክታ፣ እኔ ጽፌ። አንዱ መስመር ላይ ያለው እድፍ የችግኝ ውሃ ነው፣ እንባ እንዳይመስልሽ።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ቅጠሉ ቀን የሠራውን ስኳር ማታ ያስቀምጠዋል ወይስ ለሥሩ ይልክለታል? ጠይቂልኝ።

ለአባትሽ አልነገርኩም። ያ ያንቺ ነው።

አጎትሽ፣ ኢንጂነር ያልሆነው


ሰኔ 19 ቀን

ለጋሼና ለእትዬ፤

በያዛችሁት ሁሉ ደስታን ያሳያችሁ። ደብዳቤያችሁን ምድር ቤት፣ ማሽኑ እየጮኸ ነው ያነበብኩት። «አቤት ብያለሁ» የሚለው ጋ ስደርስ ብቻዬን ስስቅ ጋሪ የሚገፋው ሰው ታመምሽ ወይ አለኝ።

ቁጥራችሁን ለሽማግሌው ሰጠኋቸው። በወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ አስቀመጥነው፤ ሁለት መስመር ወጣ፣ አንዱ ቀጥ ብሎ የሚመዘዝ፣ አንዱ ዝግ ብሎ የሚወጣ። «ለካኞቹ ጥንቁቅ ሰዎች ናቸው» አሉ። እድፉንም አዩት። አሁን በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ላይኛው ፎቅ ወጥቼ ቅጠል እንድለካ ፈቅደውልኛል። የቀረውን ቀን እዚያው ገንዳዬ ጋ ነኝ። የማታ ትምህርት ቤትም ጠይቄአለሁ፤ ይቀበሉኝ አይቀበሉኝ ገና አላወቅሁም።

ለጥያቄዎ መልስ፦ ሁለቱንም ያደርጋል። ቀን ከሚሠራው ከፊሉን ያኔውኑ ወደ ሥሩና ወደ ቡቃያው ይልካል፣ ከፊሉን ስታርች አድርጎ እዚያው ቅጠሉ ውስጥ ያቆየዋል። ማታ ያንን ያፈርስና ይመገብበታል፣ ይልክበታል። ሽማግሌው እንዳሉኝ፣ ያቆየው እስኪነጋ እንዲበቃው አድርጎ ነው የሚያወጣው። እንዴት እንደሚመጥነው ስጠይቃቸው «ገና እየፈለግነው ነው» አሉኝ። እሳቸውም የማያውቁት አለ ጋሼ! ያን ቀን እያሰብኩት ወደ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ።

ለአባቴ እሑድ ደወልኩ። ሰላም ተባብለን እንደጨረስን ዓይኔን ጨፍኜ ነገርኩት። ፈተናውን፣ ገንዳውን፣ ስድስቱን ዓመት። ሳላቋርጥ ነገርኩት፤ ካቆምኩ ዳግመኛ የምጀምረው አልመሰለኝም። ሲያልቅ ከወዲያ ምንም የለም። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «አባዬ?» አልኩ።

«አለሁ» አለ።

እንዲቆጣኝ ጠበቅሁ። ለሰፈሩ ምን ልበል እንዲለኝ ጠበቅሁ።

«ቆመሽ ነው የምትሠሪው?» አለኝ።

«አዎ።»

«ቀኑን ሙሉ?»

«ስምንት ሰዓት።»

«ወለሉ ምንድን ነው?»

«ሲሚንቶ። ሁልጊዜ እርጥብ ነው።»

ወስፌውን ሲያስቀምጥ ሰማሁት። አባቴ በእሑድም ቢሆን እጁ ላይ ጫማ አያጣም፣ ታውቁታላችሁ። ሰው ሲያገኝ ፊት ከማየቱ በፊት ሶል የሚያይ ጫማ ሰፊ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ስንደዋወል ስለ መጽሐፍ፣ ስለ ምርምር፣ ስለ ማዕረግ ጠይቆኛል። ስለ እግሬ ግን ጠይቆኝ አያውቅም። ከየት አውቆ ይጠይቅ?

«ወረቀት ወለል ላይ አድርጊ» አለኝ። «እግርሽን በባዶው አሳርፊበትና ዙሪያውን በእርሳስ አስምሪ። ሁለቱንም፤ ግራና ቀኝ እኩል አይሆንም። ማታ ላይ አስምሪ፣ ሲያብጥ።»

አስምሬ ልኬለታለሁ።

ልጃችሁ ጥያቄ